ገብስ፣ ጊደር፣ ጎተራ፦ ለትንንሽ ልጆች የፊደልና የቁጥር ሥዕል መጽሐፍ

በጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች ለትንንሽ ልጆች የሚሸጡት የፊደል መጻሕፍት አሠራራቸው ተመሳሳይ ነው። በገጹ ላይ አንድ ትልቅ ፊደል ይጻፋል፤ ከሥሩ በዚያ ፊደል የሚጀምር ነገር ይሣላል። ሥዕሎቹ ብዙ ጊዜ ከውጭ መጻሕፍት የተቀዱ ናቸው፤ አናናስ፣ ቀጭኔ፣ አውሮፕላን፣ አዞ። በደቡብ ወሎ፣ በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ በቦረና፣ በለጋምቦ ወይም በአማራ ሳይንት ደጋ የሚያድግ የአራት ዓመት ልጅ ከእነዚህ አብዛኞቹን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ገብስ ሲወቃ ግን አይቷል። ጊደርን ከወይፈን ይለያል። ጎተራው የት እንደሚቆም፣ በብርድ ጊዜ እረኛው ምን እንደሚለብስ ያውቃል። መጀመሪያ የሚይዘው መጽሐፍ ከዚህ ሁሉ አንዱን እንኳ አያሳየውም።

ልጁ ስለ ቀጭኔ አይማር ማለቴ አይደለም፤ ጊዜው ሲደርስ ይማራል። በመጀመሪያው የፊደል መጽሐፍ ውስጥ ግን ሥዕሉ ያለው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ልጁ ነገሩን እንዳየ ስሙን ሳያመነታ እንዲጠራ ማድረግ። ስሙ ከአፉ ሲወጣ የቃሉ የመጀመሪያ ድምፅ አብሮ ይወጣል። ያንን ድምፅ ይዘን ፊደሉን እናሳየዋለን። ሥዕሉ ራሱ ማብራሪያ ከፈለገ ልጁ ሁለት እንግዳ ነገር በአንድ ጊዜ ይቀርብለታል፤ ብዙውን ጊዜም ሁለቱንም ሳይዝ ገጹን ይገልጣል።

ይህን ምዕራፍ የጻፍኩት ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ በቤታቸው ላለ ወላጆችና አያቶች፣ እንዲሁም ከ1ኛ ክፍል በፊት ላለው ለኦ ክፍል መምህራን ነው። ማንበብ የማይችል አዋቂም ቢሆን አብዛኛውን ሊሠራበት ይችላል። እንዴት እንደሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሰባት ልጆች ያሉት ቤት

አንድ ፊደል ከአንድ ሥዕል ጋር የማቅረብ ልማድ የመጣው ከላቲን ፊደል ነው። እዚያ ፊደላቱ 26 ስለሆኑ 26 ሥዕል ይበቃል። የእኛ ፊደል ግን 33 ዘር አለው፤ እያንዳንዱ በሰባት መልክ ይጻፋል፤ በድምሩ 231 ይሆናል። ይኸውም እነ ቋና ጓ ሳይቆጠሩ ነው። አሳታሚው በላቲኑ ልክ ሲሠራ ሀን፣ ለን፣ መን፣ በን ብቻ ያሳያል፤ የቀሩትን ስድስት ስድስት ዓምዶች ይተዋቸዋል። መጽሐፉን ጨርሶ በቃሉ የያዘ ልጅ «በ በግ» ይላል፤ ቡን ሲያይ ግን ዝም ይላል። ቡ የበ ዘመድ መሆኑን ማንም አላሳየውም።

እኔ የምመክረው ገጹን ለፊደሉ ቤተሰብ በሙሉ መስጠት ነው። አንድ ገጽ፣ አንድ ዘር፣ ሰባት ሥዕል። የመን ገጽ እንውሰድ፦ መሶብ፣ ሙቀጫ፣ ሚዶ፣ ማረሻ፣ ሜዳ፣ ምጣድ፣ ሞፈር። ሰባቱም ከአንድ ግቢና ከአንድ ማሳ የሚገኙ ናቸው። ልጁ ሰባቱን ሲጠራ ጣቱን በከንፈሩ ላይ ያድርግ፤ በእያንዳንዱ ቃል መነሻ ከንፈሩ ይገጥማል። ከዚያ በኋላ የአፉ አከፋፈት ይለያያል፤ ለሙቀጫ ይሾላል፣ ለሚዶ ወደ ጎን ይለጠጣል፣ ለማረሻ ይሰፋል። ፊደላችን የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። የከንፈሩ መግጠም የፊደሉ ዘር ነው፤ የአከፋፈቱ መለያየት ደግሞ በዘሩ ላይ የሚጨመረው ምልክት ነው። አንድ የአራት ዓመት ልጅ ይህን በቃላት ሊያስረዳዎት አይችልም። በከንፈሩ ግን ያገኘዋል።

የበ ገጽም አይቸግርም፦ በግ፣ ቡና፣ ቢላዋ፣ ባቄላ፣ ቤት፣ ብርድ ልብስ፣ ቦርሳ። የቀ፦ ቀበሮ፣ ቁልፍ፣ ቂጣ፣ ቃሪያ፣ ቄጠማ፣ ቅል፣ ቆሎ። የጠ፦ ጠጠር፣ ጡብ፣ ጢም፣ ጣት፣ ጤፍ፣ ጥጃ፣ ጦጣ። የገ ደግሞ ለደጋው ሰው የተሰጠ ይመስላል፦ ገብስ፣ ጉልቻ፣ ጊደር፣ ጋቢ፣ ጌጥ፣ ግልገል፣ ጎተራ።

ሥዕል ሲመርጡ ጎረቤቱንም ያስቡ። ወሎ ውስጥ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን በአንድ ቀበሌ ይገኛሉ፤ ልጆቹም አብረው ከብት ይጠብቃሉ። ጀበና፣ ረከቦትና ስኒ በሁለቱም ቤት አሉ። በመ ገጽ ላይ መስጊድ፣ በበ ገጽ ላይ ቤተ ክርስቲያን ቢጨመር መጽሐፉ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲዞር የትም ባይተዋር አይሆንም።

ሁሉም ዘር ግን እንዲህ የተሟላ አይደለም። በረ ገጽ ረከቦት፣ ሩዝ፣ ራስ፣ ሬዲዮ፣ ርግብና ሮማን በቀላሉ ይገኛሉ፤ ለሪ ግን ልጅ የሚያውቀው ነገር ማግኘት ያስቸግራል። በኘ የሚጀምር የዕለት ተዕለት ቃል ከነጭራሹ የለም። በዚህ ጊዜ ቃል ፈልጎ መጨነቅ አያስፈልግም። ፊደሉን በቃሉ መጨረሻ ያሳዩት። እረኛን ይሣሉ፤ ስሙን ይጻፉ፤ «ኛ»ን ብቻ በቀይ ቀለም ይጻፏት። ለሪ አስተማሪን መሣል ይቻላል። ልጁ ድምፅ በቃሉ መነሻ ብቻ ሳይሆን በመካከልና በመጨረሻም እንደሚገኝ የሚማረው ከእነዚህ ጎደሎ ገጾች ነው፤ ስለዚህ ጉድለታቸውን አልጠላውም። ጰን፣ ፐንና ቨን ግን ለኋላ ቢያቆዩ ልጁ የሚጎዳው ነገር የለም።

ድምፃቸው አንድ ሆኖ መልካቸው ለሚለያይ ፊደላት ደግሞ የቀደሙት ሰዎች መላ አበጅተው አቆይተውናል። ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ ዓይኑ ዐ፣ ፀሐዩ ፀ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ሐመሩ ሐ። እነዚህ ስሞች የተሰጡት በቃል ለመለየት ነው፤ ነገር ግን ልብ ብለን ካየናቸው እያንዳንዳቸው በውስጣቸው ሥዕል ይዘዋል። ዘውድ የጫነ ንጉሥ ለሠ፣ የሚነድ እሳት ለሰ፣ አንድ ትልቅ ዓይን ለዐ፣ ፀሐይ ለፀ። ለማንም ልጅ በእርሳስ ሊሣሉ የሚችሉ ናቸው። በእጃችን ያለ የሥዕል ፊደል ሆኖ ሳለ በሥዕል ታትሞ በየልጁ እጅ አለመግባቱ ይቆጨኛል። ልጁ «ለምን ሁለት ሆኑ?» ብሎ ከጠየቀ፣ «ይህ የንጉሡ ነው፣ ያ የእሳቱ ነው» ማለት ለጊዜው በቂ መልስ ነው።

የቅርጹን ነገር በአጭሩ ልበል። ካዕብ (2ኛው መልክ) ቀኝ ወገቡ ላይ ሰረዝ ያወጣል፤ ሣልስ (3ኛው) ሰረዟን ወደ እግሩ ያወርዳታል፤ ኃምስ (5ኛው) በእግሩ ላይ ቀለበት ያስራል፤ ራብዕ (4ኛው) እግሩ ይረዝማል ወይም ይታጠፋል። ሳድስና ሳብዕ (6ኛውና 7ኛው) ደንብ አይወዱም። ረና ፈም በካዕብ፣ በሣልስና በራብዕ የራሳቸውን መንገድ ይሄዳሉ። ስለዚህ የመን ገጽ ካስጨረሱ በኋላ ወደ በ፣ ለና ሰ ይሂዱ፤ ምልክቱ በእነሱ ላይ ግልጽ ነው። ረና ፈን ልጁ ምልክቱን ከለመደ በኋላ ያምጧቸው። የገበታውን ቅደም ተከተል መጠበቅ ግዴታ አይደለም። የልጁ ስም የሚጀምርበት ፊደል የመጀመሪያው ገጽ ቢሆን ደግሞ ከሁሉ ይሻላል።

የኔታ ያወቁት

የፊደል ቤት ተማሪ ሀ ሁ ሂን በዜማ ደጋግሞ ካለው በኋላ በቃሉ ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ ዓይኑ ገበታው ላይ ባይሆንም አፉ አይሳሳትም። የኔታ ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ አቡጊዳ አለ፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። እዚህ ዘሩም ድምፁም በየእርምጃው ይለወጣል፤ በዜማ የተሸፈነው ሁሉ ይገለጣል፤ ልጁ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ ካላወቀው አይዘልቅም። ቀጥሎ መልእክተ ዮሐንስን በቁጥር፣ ማለትም ፊደል በፊደል በስንደዶ እየጠቆመ ይዘልቃል። ለውሕ የተባለውን የእንጨት ሰሌዳ የያዘው ልጅም በቁርኣን ቤት ሸህየው የጻፉለትን በጣቱ እየተከተለ ያነባል፤ ካጠና በኋላ እንጨቱ ይታጠብና ሌላ ይጻፍበታል። ሁለቱም ቤቶች ጣት ከድምፅ ጋር መሄድ እንዳለበት ያውቁ ነበር።

ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ የፊደል ገበታን በማተሚያ ቤታቸው እያሳተሙ በመላ አገሪቱ ሲያሰራጩ ይህ ዕውቀት ከደብሩ ወጥቶ በየሰው ቤት ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ስንት ሰው በዚያች አንዲት ወረቀት ማንበብ እንደጀመረ ሳስበው እደነቃለሁ። ገበታው ግን የተሠራው ከጎኑ መምህር እንዲቆም ታስቦ ነው። ለሦስትና ለአራት ዓመት ሕፃን ሥዕሉ የሚጨምርለት ነገር አለ፤ የኔታ በሌሉበት ልጁ ራሱ ቃሉን እንዲያመጣው ያደርጋል።

ሥዕልን ከፊደል ጋር ማጋባት በዓለምም ረጅም ዕድሜ አለው። የሞራቪያው መምህር ኮሜኒየስ እ.ኤ.አ. በ1658 በኑረምበርግ ያሳተመው «ኦርቢስ ፒክቱስ» ለልጆች ከተሠሩት የሥዕል መጻሕፍት ቀደምቱ ነው ይባላል። እሱ ፊደላቱን ያስተዋወቀው በእንስሳት ድምፅ ነበር፤ ቁራው ሲጮኽ፣ በጉ «ቤ» ሲል። የኮሜኒየስ መላ ለእኛ ፊደል ይበልጥ የሚመች ይመስለኛል። በላቲኑ በጉ ያወጣውን ድምፅ ለመጻፍ ሁለት ፊደል ያስፈልጋል፤ በአማርኛ ቤ አንድ ፊደል ናት፤ ልጁ ከበጉ አፍ የሰማው እንዳለ በገጹ ላይ ይገኛል።

መጽሐፉን ይዘው ሲቀመጡ

ብዙ አዋቂዎች መጽሐፉን ሲይዙ «በል አንብብ» ይላሉ። ልጁ ካላወቀ ይነግሩታል፤ ይደግማል፤ ገጹ ይገለጣል። ሥዕሉ ምንም አልሠራም ማለት ነው። ሥዕል የወሬ መነሻ ነው። አያትና ልጅ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል እንበል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሙቀጫ።»

«ምን ይደረግበታል?»

«ቡና ይወቀጥበታል።»

«ማነው የሚወቅጠው?»

«እታለም። እማማ፣ አንቱም ይወቅጣሉ!»

«እኔማ እጄን ያመኛል፣ እታለም ትወቅጥልኛለች። እስቲ ሙ-ቀጫ በል። ሙ። የቷ ናት ሙ?»

እማማ ማንበብ ባይችሉም እስከ መጨረሻው ጥያቄ ድረስ ምንም አልጎደለባቸውም። ለመጨረሻው ጥያቄ ደግሞ ከሥዕሉ ሥር ያለችውን ፊደል በጣት ማሳየት ይበቃል፤ ሥዕሉ ፊደሏን ለእሳቸውም ይነግራቸዋል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በገጠር ብዙ አዋቂዎችን ከፊደል ጋር አስተዋውቋል፤ በ1972 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ሽልማትም አስገኝቶ ነበር። ያኔ ተምረው የረሱ አያቶች ከልጅ ልጃቸው ጋር ሲቀመጡ ፊደሉ ቀስ በቀስ ይመለስላቸዋል።

ይህ ዓይነቱ ጭውውት ተፈትኗል። ግሮቨር ዋይትኸርስትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙት ጥናት ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ገደማ የሆናቸውን ልጆች በሁለት ቡድን ከፈለ። የአንዱ ቡድን ወላጆች የሥዕል መጽሐፍ ሲያነቡ ጥያቄ እንዲጠይቁ፣ ልጁ የመለሰውን እንዲያሰፉና እንዲያሞግሱት ሠለጠኑ፤ የሌሎቹ እንደለመዱት አነበቡ። በአንድ ወር ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ልጆች በንግግር ችሎታ ርቀው ሄዱ። የሁለቱም ቡድን ወላጆች መጽሐፍ ያነቡ ነበር፤ ልዩነቱን ያመጣው ጭውውቱ ነው።

ነገሩ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአማራ ክልልና በሌሎች ክልሎች በተደረገው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። ከዚያ ወዲህ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት ተሻሽለዋል፤ ኦ ክፍልም በየትምህርት ቤቱ ተከፍቷል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ግን በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል፤ ኦ ክፍል ሊገቡ የነበሩ ልጆች ቤት ውለዋል። ከአንድ ሥዕል ፊት የሚደረገው የሩብ ሰዓት ወሬ በዚህ ጊዜ ለልጁ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ለማንም ወላጅ መንገር አያሻኝም።

ሦስት ጉልቻ

ልጅ እስከ አሥር ሲጠራ ቤተሰቡ ይደሰታል፤ ቆጠረ ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ገና አልቆጠረም፤ የቃላት ዜማ ነው የሚያሰማው። ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ሦስት በጎች የተሣሉበትን ገጽ ያሳዩትና «ስንት ናቸው?» ይበሉት። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይላል። «ታዲያ ስንት ናቸው?» ብለው ይድገሙለት። ገና ያልገባው ልጅ እንደገና «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ ይቆጥርልዎታል። የገባው ልጅ «ሦስት» ይላል። የመጨረሻው ቃል የሁሉም ድምር መሆኑን መረዳት ለሕፃን ትልቅ እርምጃ ነው፤ አብዛኞቹ ልጆች በሦስትና በአምስት ዓመት መካከል ይደርሱበታል። እስኪደርስበት ድረስ ወደ ሃያ ማሻገር ትርፍ የለውም።

የቁጥር መጽሐፉ ይህን እንዲያግዝ ቁጥሩ ከነገሩ ጋር በተፈጥሮው የሚሄድ ሥዕል ይምረጡ። ሦስት በግ ሁለትም አራትም ሊሆን ይችል ነበር። ጉልቻ ግን ሦስት ነው፤ ሁለት ቢሆን ድስቱ ይወድቃል። ልጁ በየዕለቱ የሚያየው ሦስትነት ነው። ለሁለት የተጠመዱ በሬዎችን ይሣሉ፤ ቀንበር አንድ በሬ አይበቃውም። ለአራት የፈረስ እግር፣ ለአምስት የእጅ ጣት ወይም የቅልልቦሽ ጠጠር፣ ለአሥር ሁለት እጅ። ለአንድ ምን ይሁን? ከመካነ ሰላም ብዙም ሳይርቅ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አለ። እዚያ ቀይ ቀበሮ ይገኛል፤ ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም የለም፤ በመንጋ ቢኖርም አይጥ ሲያድን ብቻውን ነው የሚዞረው። አንድ ቀይ ቀበሮ በጓሳ ሣር መካከል፤ የመጀመሪያው ገጽ ይህ ይሁን። መጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ ቁጥር ሳይጻፍ «ብዙ» ተብሎ የጭላዳ መንጋ ይሣል። «ብዙ»ም ሊታወቅ የሚገባው ነገር ነው።

ባዶን አይርሱ። ሦስት ስኒ ቡና ያለበት ረከቦት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አንድ፣ በመጨረሻ ስኒ የሌለበት ረከቦት። 0 ምን እንደሆነ ለልጅ በቃል ማስረዳት ያዳግታል፤ ባዶውን ረከቦት ሲያይ ግን ራሱ «አለቀ» ይላል።

እስከ ሦስት ያለውን ልጅ በአንድ እይታ ይለየዋል፤ ከአራት ጀምሮ ግን ጣት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከአራት ጀምሮ ሥዕሎቹን በመስመር ይደርድሯቸው፤ እየነካ ይቁጠር፤ አንዱን ሁለቴ እንዳይነካ ወይም እንዳይዘል ይዩለት። ሲለምድ በሌላ ገጽ የተበተኑትን ይቁጠር።

ከአሥር በላይ አማርኛ ለልጅ ደግ ቋንቋ ነው። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፤ አሥርና አንድ፣ አሥርና ሁለት መሆኑ በጆሮ ይሰማል። በእንግሊዝኛ አሥራ አንድና አሥራ ሁለት የራሳቸው ስም አላቸው፤ ልጁ እንደ አዲስ ቃል ነው የሚይዛቸው። ይህን ዕድል ለመጠቀም በአሥራ ሁለት ገጽ ላይ አሥሩን ባቄላ በአንድ ሰፌድ ውስጥ፣ ሁለቱን ከሰፌዱ ውጭ ይሣሉ። ስሙና ሥዕሉ አንድ ነገር ይናገራሉ። ሃያ ላይ ሲደርሱ ይህ ግልጽነት ይቋረጣል፤ ሃያ ከሁለት ጋር በድምፅ አይመሳሰልም። ሰባ፣ ሰማንያና ዘጠና ግን ሰባትን፣ ስምንትንና ዘጠኝን ያስታውሳሉ።

የግዕዝ ቁጥር መቼ ይግባ? ፩፣ ፪፣ ፫ በቅዱሳት መጻሕፍት ምዕራፎችና በቀን መቁጠሪያ ላይ አሉ፤ ልጁ ሊያውቃቸው ይገባል። ነገር ግን የአሠራራቸው መንገድ ሌላ ነው። የባዶ ምልክት የላቸውም፤ አሥር ፲፣ ሃያ ፳፣ መቶ ፻ እያሉ ለየራሳቸው መልክ ይሰጣሉ። ፮ና ፯ም ለሕፃን ዓይን ይቀራረባሉ። በመጀመሪያ እስከ 10 ያለውን ሒሳቡን ይያዝ፤ ከዚያ በየገጹ ጥግ ፩ን፣ ፪ን በትንሹ ይጨምሩለት። ሁለቱን በአንድ ቀን ማስጀመር ግን አልመክርም።

በቤት መሥራት

ከሱቅ የተገዛ መጽሐፍ ካለ ይጠቀሙበት፤ የማያውቃቸውን ሥዕሎች እየዘለሉ የሚያውቃቸውን ያውሩበት። ጥሩ የተሠሩም አሉ። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ይሠሩ የነበሩት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ከደራሲት ጄን ከርትዝ ጋር የመሠረቱት ኢትዮጵያ ሪድስ በሐዋሳ በአህያ ጋሪ መጻሕፍት ያዞር ነበር። ጄን ከርትዝ ከሌሎች ጋር የጀመረቻቸው የሬዲ ሴት ጎ መጻሕፍትም ባለ ቀለም ናቸው፤ አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ስላላቸው ልጆቻቸውን በውጭ አገር የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያንም ይገለገሉባቸዋል። ከደቡብ አፍሪካ የሚሠራው አፍሪካን ስቶሪቡክ የአማርኛ የሥዕል ታሪኮችን በነፃ ያቀርባል፤ ኢንተርኔት ያለበት መምህር አትሞ ሊያባዛቸው ይችላል። ወደ ቦረናና ሳይንት ቀበሌዎች የሚደርሱት ግን ጥቂት ናቸው፤ ጊደሯና ማረሻው ያሉበት ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ስለዚህ ይሥሩት። ከሱቅ የተጣለ ካርቶን በእኩል ቆርጠው አራት ወይም አምስት ገጽ ያዘጋጁ። ነጭ ወረቀት ይለጥፉበት፤ ሙጫ ከሌለ በእሳት የበሰለ የስንዴ ዱቄት ይይዛል። ጠርዙን በመርፌና በወፍራም ክር ይስፉት፤ ሽፋኑን ከዝናብና ከጭቃ ለመጠበቅ በላስቲክ ይጠቅልሉት። መጽሐፉ በአንድ ጊዜ ማለቅ የለበትም። በሳምንት አንድ ዘር ቢጨመር ልጁ አዲሱን ገጽ በጉጉት ይጠብቃል።

«ሥዕል አልችልም» የሚሉ ብዙ ናቸው። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት እዚህ ላይ ያበረታታዎታል። ሁለት ዓመት ተኩልና ሦስት ዓመት የሆናቸው ልጆች የሚጎተትና የሚገለጥ ነገር ካለበት የፊደል መጽሐፍ ይልቅ ተራ ሥዕል ካለበት መጽሐፍ ፊደሉን የበለጠ ያዙ። እጃቸው በመጎተቱ ሲጠመድ ዓይናቸው ፊደሉን ይረሳል። እውነተኛ ገብስ ገጹ ላይ መለጠፍ ያምራል፤ ልጁ ግን ገብሱን ሲፈለቅቅ ይውላል። ከጎን የታየ በግ፣ አራት እግር፣ ጅራት፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም። ከኋላው ተራራና ደመና አይጨምሩ። ፊደሏን ከሥዕሉ አጠገብ በወፍራም ማርከር ጉልህ አድርገው ይጻፉ፤ መልኳ ከገጽ ገጽ አይለዋወጥ። መጻፍ የማይችሉ ከሆነ ሥዕሉን እርስዎ ይሣሉ፤ ፊደሉን ትልቁ ልጅዎ ወይም የጎረቤት ተማሪ ይጻፈው። ታላቅ ለታናሹ ሲጽፍ ለራሱም ያጠናል።

ትንሹ ልጅ እርሳሱን ከያዘ አይከልክሉት። የመጀመሪያ ፊደሎቹ ተገልብጠው፣ ወደ ግራ ዞረው ይወጣሉ፤ የሉ ሰረዝ በግራ፣ የቤ ቀለበት ከላይ ይሆናል። እስከ ሰባት ዓመት ድረስ ይህ የተለመደ ነው፤ በቀይ አያርሙበት፤ ከጎኑ ትክክለኛውን ጽፈው ይተዉለት። ባዶ ገጾችም ይተዉ። እንቅልፍ ወስዶት ያልተሣለው ጥጃ፣ ከእህቱ ጋር የተጣላበት ገለባ፣ ስሙን የማያውቁት ወፍ በእነዚያ ገጾች ላይ ይገባሉ፤ ፊደላቸውን አብረው ይፈልጉ። ትምህርት ቤት ሲገባ መጽሐፉን ይዞ ይሂድ። መምህሩ ወይም መምህርቷ ልጁ የትኞቹን ዘሮች እንደሚያውቅ ከተሞሉት ገጾች ያያሉ፤ ከባዶዎቹ ማስተማር ይጀምራሉ።